አሥራ አራት ደቂቃ

በ1980 ዓ.ም. ክረምት ከእኔ የበለጠ የታደለ ልጅ በአዲስ አበባ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሰፈራችን ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሲያዳምጡ፣ እኔ ጎህ ሳይቀድ ጫማዬን አስሬ በር ላይ እቁነጠነጣለሁ። ተራራ ልወጣ ነዋ! በየቀኑ! ከነቤተሰቤ!

ቤታችን ኮተቤ ነበር፣ የካ ተራራ ሥር። ዛሬ የምኖረው አያት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቴ የዚያው ተራራ ጫፍ በሕንፃዎች መሀል ብቅ ብሎ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን ከሰፈራችን ቀጥሎ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ሰማይ ብቻ ነበር።

ነገሩን የጀመረው አባባ ነው። አባባ፣ አቶ ገብረየስ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል። ሥራው ሰዓት ነው፤ የትኛው አውሮፕላን በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንዳረፈና እንደተነሣ ይመዘግባል። ቤትም ገብቶ ይኸው አመሉ አይለቀውም። እማዬ «ወጡ ሊደርስ ነው» ስትለው፣ «በስንት ደቂቃ?» ይላታል። ከኮቱ ኪስ የማትለይ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ነበረችው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን እራት ላይ ጉሮሮውን ጠራረገና አስታወቀ።

«ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ተራራ እንወጣለን። ሐኪሙ ለደም ብዛትህ እግርህን አፍታታ ብሎኛል።»

«ሁላችንም?» አልኩ፣ ጉርሻዬን ሳልውጥ።

«ሁላችንም። ስፖርት ከቤተሰብ ጋር ነው።»

እማዬ ቃል አልተነፈሰችም። ገበያ ደርሳ ለመመለስ ሦስት ጊዜ የምታርፍ ሴት፣ በክረምት ጭቃ ተራራ ውጪ ስትባል ዝም! ይህ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ጫማዬን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። አባባ ደም ብዛት ኖሮበት አያውቅም። በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሲያርፍ እንኳ ሐኪሞቹ የሚገረሙት በደሙ ጤንነት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የወንድሜ ነገር ነው። ዓለምሰገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። ረጅም፣ መለሎ፣ ካልቀለደ የሚታመም ልጅ። ያን ክረምት ቀኑን ሙሉ ከጓዳ አይወጣም ነበር። «ሰው ከጠየቀሽ ናዝሬት አጎቱ ጋ ሄዷል በይ» ተብያለሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣

«ድብብቆሽ ይዤ ነው» አለኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ፈላጊ ነው። ክረምቱ እስኪያልቅ ካላገኙኝ አሸነፍኩ። ብትናገሪ ግን ተሸነፍን።»

ክረምቱን ሙሉ የሚቆይ ድብብቆሽ! ደስታዬን የምነግረው ሰው በማጣት ልፈነዳ ነበር።

ታዲያ ወደ ተራራው ሲወጣ እንዳይታወቅ የእማዬን ሰፊ ቀሚስ ከሱሪው በላይ ይለብሳል፣ ነጠላ ይከናነባል፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይጠመጥማል። ጎህ ሲቀድ እንጨት ለቃሚ ሴቶች በደጃችን አልፈው ወደ ጫካው ይወጣሉ። እሱም አጎንብሶ ከኋላቸው ይቀላቀላል። እኔና እማዬ በበሩ ቀዳዳ እያየን፣ እኔ በሳቅ ፍርስ ስል እሷ አፌን በመዳፏ ትይዘኛለች። ከንፈሯን ትነክሳለች፤ እሷም ሳቋን እየታገለች መስሎኝ ነበር።

ሴቶቹ ዞር ብለው አይተውት አያውቁም። ዝም ብለው ብቻ ግራና ቀኝ ከበብ ያደርጉታል። አንድ ቀን አንደኛዋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናግራ ሁሉም በሳቅ ሲንከተከቱ፣ ዓለምሰገድ ቋንቋውን ስለሚያውቅ ነጠላውን ወደ ፊቱ ጎተተ። በኋላ ምን እንዳለች ስጠይቀው፣ «'የዚች ሙሽራ እግር ወንዙን ይገድባል' አለች» አለኝ። እኔ ሴቶቹ ያልነቁበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉም የወንድ ልጅ እናቶች ናቸው።

እኛ ሦስታችን ከሩብ ሰዓት በኋላ በግላጭ እንከተላለን። አባባ ዱላውን፣ እማዬ በፎጣ የተጠቀለለ የቡና ጀበናዋን፣ እኔ ዳቦውንና ሲኒዎቹን ይዘን። ጭቃው ጫማችንን እየሳበ፣ የረጠበው ባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫችንን እየከፈተ፣ ትንፋሻችን እየጨሰ፣ ከጉሙ በላይ ስንወጣ አንድ ጠፍጣፋ አለት አለ። እዚያ ዓለምሰገድ ቀሚሱን ሰብስቦ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ፣ «ምነው ዘገያችሁ፣ ባሌ ሊመጣ ነው» ይለናል።

ከአለቱ ላይ ሆኜ ቦሌን አያለሁ። ጉሙ ሲገለጥ የአውሮፕላን ማረፊያው መንደርደሪያ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ብቅ ይላል። አባባ ሰዓቱን እያየ፣ «ይኼ የናይሮቢው ነው፤ አራት ደቂቃ ዘግይቷል» ሲል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ፈቃድ የጠየቀው ይመስለኛል። ሆዳቸው ትልልቅ የሆነ ግራጫ አውሮፕላኖችም አሉ፤ እነሱ ተነሥተው በራሳችን ላይ አልፈው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ለነሱ ዘልዬ፣ ጮኼ፣ ሁለት እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። የነሱን ደቂቃ አባባ አይናገርም፤ ዓለምሰገድም ቀና ብሎ አያያቸውም። ሆዳቸው ውስጥ የነበሩት የእሱ እኩዮች መሆናቸውን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ፤ የክረምቱ ዋና ነገር እሱ ነውና። ሯጭ የመሆን ምኞት ነበረኝ። አባባ ይህን ያውቅ ነበርና በመጀመሪያው ቀን የእጅ ሰዓቱን ፈቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ዘርፌ፣ አሠልጣኝሽ እኔ ነኝ። ከዚህ ተነሥተሽ ወንዙን ትሻገሪያለሽ፤ ማዶ ጥጉ ላይ ያለውን ትልቁን ድንጋይ ነክተሽ ትመለሻለሽ።»

«መንካቴን በምን ታውቃለህ?»

አባባ ዓለምሰገድን ቀና ብሎ አየው። «ከድንጋዩ ላይ ሆነሽ የሐሚዳ አጥር ይታያል አይደል? አጥሩ ላይ ምን እንደተሰጣ አይተሽ ትነግሪኛለሽ። ቢጫ ሻሽ ካለ፣ አለ። ከሌለ፣ የለም። ማስረጃሽ እሱ ነው። አንቺ ሳትመለሺ ቡናው አይቀዳም።»

እኔን ጠብቆ የሚቀዳ ቡና! ቤታችን ውስጥ ቡና ለልጅ አይሰጥም ነበር፤ ቢበዛ የበረካው ጭላጭ ነው። ተራራው ላይ ግን ሮጬ ስመለስ ከአቦሉ ግማሽ ሲኒ፣ ያውም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ከሚገኘው ስኳር ጋር፣ የኔ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። አባባ በሰማያዊዋ ደብተር ላይ እንደ ናይሮቢው አውሮፕላን አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። «ከአሥራ አምስት በታች ከገባሽ ነጭ ሸራ ጫማ እገዛልሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በእንቅልፌም እሮጥ ነበር።

እትዬ ሐሚዳ ጎረቤታችን ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር፣ አንድ ልጃቸው አብዱልሰላም ካቻምና ክረምት «ሰሜን» የሄደ። ሰሜን የሚባል ከተማ ያለ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ሐሚዳ ሱብሒ ለመስገድ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ይነሣሉ፤ በመንገዳችን ላይ ጎህ ሲቀድ ማን እንዳለፈ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀበሌ ጥበቃዎች ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈልጓቸውን ልጆች ከየቤቱ የሚለቅሙት በዚያው ሰዓት ነበር፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እነሱም ወደየሥራቸው ይበተናሉ። እኛ ቡና የምንጠጣው እነሱ እስኪበተኑ ነበር። ሻሹ ከተሰጣ ሰፈሩ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ካልተሰጣ፣ ዓለምሰገድ ጭራሮ ተሸክሞ ከሴቶቹ ጋር መውረድ ይችላል።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እንዲያውም ቢጫው ሻሽ ያለበትን ቀን እንደ በዓል ነበር የምወደው። ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል። አቀበቱን እየተንደረደርኩ ወጥቼ፣ «ቢጫ! ቢጫ ነው!» ብዬ ስጮህ ለአፍታ ሁሉም ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ አባባ፣ «በሉ ዛሬ እስከ በረካ እንቆያለን» ይላል። ዳቦው ያልቃል፣ በቆሎ እንጠብሳለን፣ ዓለምሰገድ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያስመሰለ ሲያስቀን እናረፍዳለን። ቢጫ ሻሽ ማለት ለኔ ረጅም ጠዋት ማለት ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ቤታችን መጣ። እኔና ዓለምሰገድ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ በቆሎ እየፈለፈልን ነበር። ፈላጊ ቤታችን ድረስ መጣ! ልቤ ከበሮ ሆነ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዓለምሰገድ አፌን ያዘኝ።

«ጓድ ገብረየስ፣ ልጁ እስከ ቅዳሜ ይቅረብ» አለ ጓድ መኩሪያ። «ካልቀረበ በሱ ፋንታ እርስዎን እናስገባለን። ሥራዎንም ያስቡበት።»

«ናዝሬት ነው ብያለሁ'ኮ።»

«ናዝሬት ጠይቀናል። እስከ ቅዳሜ።»

እኔ የሰማሁት ጨዋታው ቅዳሜ እንደሚያልቅ ብቻ ነው። ተቃርበናል! ልናሸንፍ ነው! አፌ ላይ የነበረው የወንድሜ እጅ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። ጓድ መኩሪያ ሲወጣ አባባ ወደ ጓዳ አንገቱን አስግጎ፣ «የሰማችሁትን እርሱት። ነገም እንወጣለን» አለ። ዓለምሰገድ የፈለፈለውን በቆሎ ወደ ጎን ገፋ። ያን ምሽት አንድ ቀልድ እንኳ ሳይቀልድ ተኛ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ከላይ ከተራራው ሲዘንብ አድሯል፤ ስንወጣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረነዋል። አባባ ሰዓቱን ይዞ «ተነሽ!» ሲለኝ እንደ ጥይት ተፈተለክሁ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ቅጠሉ ይረግፍልኛል፣ ጭቃው ይሸሸኛል፤ ነጭ ሸራ ጫማዬ በዓይኔ ላይ ይሮጣል።

ወንዙ ዳር ስደርስ ድንጋዮቹ የሉም። ከላይ የወረደው ውኃ ውጧቸዋል፤ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ ይዞ፣ እያጉረመረመ ይወርዳል። አንድ እግሬን ከተትኩ። ጉልበቴን አልፎ ሲጎትተኝ ጮኼ ወጣሁ። ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ነከስኩ። ትልቁ ድንጋይ ማዶ ላይ ነው፤ የእትዬ ሐሚዳ አጥር ከዚህ አይታይም። እስቲ አስቡት፣ ከሃያ ስምንት ቀን ሁለቱን ብቻ ነው ሻሽ የነበረው። ዛሬስ ምን ይኖራል? ደግሞ ማን ያያል? ተነሥቼ ወደ ላይ ሮጥኩ።

«ምንም የለም!» አልኩ፣ ከአለቱ ሳልደርስ።

አባባ ሰዓቱን አየ፤ እንደገና አየ። «አሥራ አራት! አሥራ አራት ደቂቃ!» ብሎ ብድግ አድርጎ አሽከረከረኝ። እማዬ እልል አለች። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፤ አሁን እንኳ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስታው እውነተኛ ነበር።

ዓለምሰገድ ከአለቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ወረደና ፊቴ ተንበረከከ። «ምንም የለም?»

«ምንም።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ጎበዝ! ይህቺማ የኔ እህት ናት።» የራሱን ሲኒ አንሥቶ፣ ስኳሩን ሁሉ ጨምሮበት፣ ሙሉ አቦል በእጄ አስያዘኝ። ከዚያ የእማዬን ጉልበት ነክቶ ሳመ። ሁሌ የሚቀልድ ልጅ ስለሆነ ሳቅን።

«ቆይ እንጂ፣ ቡናህን ጠጣ» አለው አባባ።

«ዝናቡ ሳይመጣ ልቅደም» አለና የጭራሮ ሸክሙን አዝሎ ቁልቁል ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ቀሚሱን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ እንደ ሙሽራ እጅ ነሣን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አባባ ደብተሩን ሲያወጣ ካፊያ ጀመረና፣ «ማታ እጽፈዋለሁ» ብሎ ወደ ኪሱ መለሳት።

ስንመለስ ወንዙን አባባ አዝሎ አሻገረኝ። ከጀርባው ወርጄ ወደ ፊት ሮጥኩ። ትልቁ ድንጋይ ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ሻሹ አለ። የእትዬ ሐሚዳ አጥር ላይ፣ ቢጫ፣ በካፊያው ርሶ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ስለ ወንድሜ አይደለም። «አባባ ካየው ማጭበርበሬን ያውቃል፤ ጫማው ቀረ» ብዬ ነው። እነሱ ከመታጠፊያው ሳይወጡ ዘልዬ ሻሹን ከአጥሩ ጎትቼ ቀሚሴ ሥር ከተትኩት። የእትዬ ሐሚዳ በር ገርበብ ብሏል፤ ሰው አላየሁም። ሆዴን እየቀዘቀዘኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ከዚያ የእማዬን ጩኸት ሰማሁ። ግቢያችን ውስጥ የጭራሮው ሸክም ተበትኗል። ከመሀሉ ዓለምሰገድ የተከናነበው ነጠላ ጭቃ ላይ ተረግጧል። ጥበቃዎቹ በር ዘግተው ቤታችን ውስጥ ሲጠብቁት ነበር፤ ወስደውታል።

እማዬ እትዬ ሐሚዳ በር ላይ ሄዳ ቆመች። «ሐሚዳ! ሻሹስ? ሻሹን ምነው ሳትሰቅዪው?»

እትዬ ሐሚዳ ወጡ። እማዬን አዩ፣ አጥራቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። እጄን ሆዴ ላይ ጭምቅ አድርጌ ቆሜያለሁ።

«እንቅልፍ ጣለኝ ወለተ» አሏት ቀስ ብለው። «ሳልሰቅለው ቀረሁ።»

ሻሹ ቀሚሴ ሥር እያለ! ረስተውት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዴት ያለ ዕድል ነው አልኩ። ሱብሒ አምልጧቸው የማያውቁ ሴት እንቅልፍ ጣለኝ ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ መደንገጥ ነበረበት። እማዬ ግን መስማት አቅቷታል።

«ያንቺን ወስደውብሽ የኔ ሲቀር ቆጨሽ?» አለቻቸው። እትዬ ሐሚዳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ቡና ስታፈላ የሐሚዳን ስም አልጠራችም። ሦስት ዓመት ሙሉ። በአጥሩ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። አባባ ብቻ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ ሐሚዳ» ማለቱን አልተወም፤ እማዬ ስትቆጣው «ተዪ ወለተማርያም፣ ተያት» ይላታል፣ ሌላ አይጨምርም። ቅዳሜ ዕለት ጓድ መኩሪያ አልመጣም። አባባም እንደ ቃሉ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶ አመጣልኝ። አልሮጥኩበትም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ «ወንድምሽ ዘመተ አሉ» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ድብብቆሹም፣ ሩጫውም፣ ቢጫውም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ጫማው ሻሹን እንደያዘ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አነሰኝ።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ ሰኔ 1983፣ ከሰሜን የተበተነው ሠራዊት በደሴ መንገድ በኮተቤ በኩል በእግሩ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ አስፋልት ዳር ወጥቶ ልጁን ይፈልጋል። እማዬ በዚህ ዳር፣ እትዬ ሐሚዳ በዚያ ዳር፣ አይነጋገሩም፣ የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ጢሙ የተንጨባረረ፣ በቀኝ እግሩ የሚያነክስ ሰው ፊታችን ቆሞ፣ «ባሌን አይታችኋል?» አለ።

የእማዬ እልልታ እስከ ጉርድ ሾላ ሳይሰማ አይቀርም። ከማዶ ሌላ እልልታ መለሰላት። እትዬ ሐሚዳ ነበሩ፤ ብቻቸውን እልል ብለው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ተመልሰው ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ።

በማግስቱ ዓለምሰገድ «ተራራው አለ?» አለኝ። እኔና እሱ ብቻ፣ እያነከሰ፣ እያረፍን ወጣን። አለቱ ላይ እንደተቀመጥን ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ፦ ወንዙ፣ ጥፍሬ፣ ውሸቴ። ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር። እሱ ግን ሳቀ።

«እዚህ ነበርኩ እኮ» አለና ከእግራችን በታች ያለውን መንገድ በዱላው አሳየኝ። ከዚህ ጫፍ ብቻ ወንዙ ወለል ብሎ ይታያል። «ውኃው ውስጥ እግርሽን ስትከቺ ልወርድልሽ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ጥፍርሽን ስትበዪ አየሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

«አባባን እስከ ቅዳሜ ብለውት አልነበር? ወርጄ እጄን ልስጥ ብለው እግሬን ይዞ አይለቀኝም። አንቺ 'ምንም የለም' ስትዪ መንገድ ከፈትሽልኝ።» ትከሻዬን ያዘኝ። «ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ተሸክመሽ? እኔ እኮ ጠብመንጃ ብቻ ነው የተሸከምኩት።»

ቀለለኝ። እንደ ላባ ሆንኩ! ግን ሻሹ ቀረ። ለወንድሜ ስለ ሻሹና ስለ እማዬ ቂም ስነግረው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እትዬ ሐሚዳ ጋ ሂጂ» አለኝ፣ «ዛሬውኑ።»

ሻሹን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ አጣጥፌ፣ በራቸው ላይ ቆምኩ። መናገር አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ዘረጋሁላቸው። እትዬ ሐሚዳ ተቀብለው በእጃቸው ዳበሱት።

«አይጥ አልበላውም?» አሉ። «እኔስ ከዛሬ ነገ ታመጣዋለች ስል ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«ቀሚስሽ ሥር ሲገባ በበሩ ስንጥቅ አይቼሻለሁ የኔ እናት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን እንቅልፍ ጣለኝ አሉ? እማዬ ያን ሁሉ ስትልዎት…»

እትዬ ሐሚዳ ሻሹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እጥፋቱን ማስተካከል ያዙ። «እናትሽ በዚያች ሰዓት አንድ ልጅ አጥታለች» አሉ። «ያንቺን ብነግራት ሁለተኛ ልታይሽ ትችል ነበር? አንዱን ወሰዱባት፤ ሁለተኛዋን እኔ ላሳጣት? እኔ ልጅ ማጣትን አውቀዋለሁ። መጠላትማ ይቻላል። አብሽሪ፣ አታልቅሺ።»

አለቀስኩ እንጂ! ከዚያ ሮጬ ቤቴ ገብቼ ለእማዬ ሁሉን ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እማዬ የያዘችውን ጀበና እንደያዘች፣ በባዶ እግሯ፣ በጭቃው ተሻግራ እትዬ ሐሚዳ ቤት ገባች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የሁለቱ ልቅሶ ብቻ ተደባልቆ ይሰማ ነበር፤ ቆይቶ የሲኒ ድምፅ ተከተለው።

በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ተራራ ወጣን። እትዬ ሐሚዳም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በየአሥር እርምጃው «ያረቢ!» እያሉ፣ እኔና ዓለምሰገድ ከኋላ እየገፋናቸው። አብዱልሰላም አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ ገና ይጠብቁታል፤ እስኪያልፉ ድረስም ጠበቁት። ያን ጠዋት ግን ከአለቱ ላይ ቦሌን ሲያዩ እንደ ልጅ ተደነቁ። «ይቺን ይቺን ለብቻችሁ ስታዩ ነበር?» አሉ።

አባባ የእጅ ሰዓቱን ፈታ። «ዘርፌ፣ ቡናው አልተቀዳም» አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እግሬ ረዝሟል፤ ልምምድ ግን ረስቻለሁ። ቢሆንም ሮጥኩ! ወንዙን ተሻገርኩ፤ ውኃው ቀሚሴን እስከ ወገቤ አራሰው። ድንጋዩን በሁለት እጄ ነካሁ። ቀና ብዬ የእትዬ ሐሚዳን አጥር አየሁ። እሳቸው ሲወጡ ነው የሰቀሉት መሰለኝ፤ በፀሐይ ላይ ይውለበለባል። ልቤ በአፌ ልትወጣ እየደረሰች አቀበቱን ወጣሁ።

«ቢጫ!» ብዬ ጮህኩ። «ቢጫ ነው!»

«እስከ በረካ እንቆያለን!» አለ ዓለምሰገድ፣ ሲኒውን ወደ ላይ አንሥቶ። እማዬና እትዬ ሐሚዳ ሳቁ።

አባባ ሰዓቱን አየ። «ሃያ ሦስት ደቂቃ» አለ። ከኮቱ ኪስ ሰማያዊዋን ደብተር አወጣ። ገጹን ሲገልጥ ከትከሻው በላይ አጮለቅሁ፤ ከዚያች ሐሙስ አጠገብ ምንም አልተጻፈም፤ ቦታው ባዶ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ብዕሩን ከፈተ።

«ይኼኛውን እጽፈዋለሁ» አለ።